የሁለት መቶ ዓመት ክርን

ዶና ጄኔሮዛ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሳሎኗን የመጀመሪያ መስኮት በሁለት መዳፏ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ተመልሶ እንዳይወርድ የመጥረጊያ እጀታ ቁራጭ ከሥሩ ታስደግፋለች፤ ከዚያም ክርኖቿን ደፉ ላይ አሳርፋ ወደ መንገድ ትወጣለች። ትወጣለች የሚባለው ለአነጋገር ነው። ጉልበቷ ከታመመ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የሳንታ ኤፊጄንያ መንገድ ደግሞ ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁለት ስለሆነ ለደህና ጉልበትም አይመች። ስለዚህ የአካሏ የላይኛው ግማሽ ከተማ ውሎ ይገባል፤ የታችኛው ግማሽ ቤት ይጠብቃል።

ከተማው በዚህ አይደነቅም። በእኛ በሚናስ ተራሮች፣ መስኮት ለብርሃን ተሠራ ብሎ የሚያስበው እንግዳ ብቻ ነው። መስኮት ለክርን ነው። ሞት፣ የቦሎቄ ዋጋ፣ ማን ከማን ጋር ከአውቶቡስ እንደወረደ፣ ቄሱ በስብከት ላይ ማንን ለማለት እንደፈለጉ፣ ሁሉም በመስኮት ገብቶ በመስኮት ይወጣል። ዶና ጄኔሮዛ ከወሬው ጋር የአይብ ዳቦና የዘይቱን ማርማላታ በዚያው ደፍ ላይ ትሸጣለች። ወሬው በነፃ ነው፤ ነገር ግን ወሬውን ሳይሰማ ዳቦውን ይዞ የሄደ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታለች፤ ከከተማው ጎልማሶች ግማሹ በእሷ ሾርባ ስላደገ ዛሬም በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። የተወለደችው ከሁለተኛው መስኮት ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ባሏ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ሴባስቲያው፣ የሞተው ከአራተኛው ጀርባ ነው። አንድ ልጅ አለቻት፤ ሮዚልዳ ትባላለች፤ ኮንታዤም በሚባለው የፋብሪካ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች።

ከቤተክርስቲያኑ እስከ ድልድዩ ያለው ሰፈር ቅርስ ነው። ቅርስ ማለት፣ ከመንገድ የሚታየው የሚያየው ሰው ሁሉ ንብረት ነው፤ ከውስጥ የሚያንጠባጥበው የባለቤቱ ነው። የጄኔሮዛ አምስት መስኮቶች ከመንገድ ሲታዩ ያምራሉ፤ ወደ ላይ የሚገፉ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ትንንሽ መስታወት ያላቸው፣ ሰማያዊ የተቀቡ። ከውስጥ ሲታዩ ግን ምስጡ የበላቸውን ቀለሙ ብቻ ይዟቸዋል።

ለማስቀየር ማመልከቻ ያስገባችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። የቅርስ ቢሮው በስድስት ወሩ መለሰ፤ የቤቱን ሦስት ፎቶ እንድታያይዝ። አያያዘች። በዓመቱ መለሰ፤ በአርክቴክት የተነሳ ንድፍ እንድታያይዝ። አያያዘች። ቀጥሎ መስኮቶቹ በእርግጥ መበስበሳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ተጠየቀች። ከደፉ ላይ የረገፈውን እንጨት በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ ላከች። ከረጢቱ ተመልሶ መጣ፤ የቅርስን አካል ያለ ፈቃድ መንቀል እንደሚያስቀጣ ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር።

ፊት ለፊት የምትኖረው ዜፋ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልነበራትም። በካርኒቫል ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍር፣ ሁለት የአሉሚኒየም መስኮት አስገጠመች። ካርኒቫሉ ሳያልቅ ደብዳቤው ደረሳት። የቀድሞውን እንጨት እስክትመልስ ድረስ አሉሚኒየሙ ተነቅሎ ቀዳዳዎቹ በጣውላ ተመቱ። የቀድሞውን እንጨት ለቆርቆሮ ሰብሳቢ ሰጥታው ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ዜፋ ቀኑን በመብራት ትኖራለች፤ ወሬ ሲያምራት እንደ ወንድ በር ላይ ትቆማለች።

በጥር ዝናብ የጄኔሮዛ የመጀመሪያ መስኮት ከመቃኑ ወልቆ የዳቦው ትሪ ላይ ወደቀ። ከዳቦው በላይ የተጎዳው ግድግዳው ነበር። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ ጭቃ ደግሞ ጣራና መስኮት እስካሉት ድረስ ነው ግድግዳ የሚባለው። ሮዚልዳ በሳምንቱ መጣች፤ ከደፉ ሥር ያለውን ልስን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሊጥ ሆኗል። ጣቴ ገባ።»

«አውጪዋ።»

«አልቀልድም። በሚቀጥለው ክረምት ይሄ ግድግዳ ይወርዳል፤ አንቺ ደግሞ እዚሁ ሥሩ ቆመሽ ዳቦ ትሸጫለሽ። እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ አለቀ።»

«አራተኛ ፎቅ?»

«ሊፍት አለው።»

«መስኮትስ?»

«አለው እንጂ! ተንሸራታች አሉሚኒየም። ጠብታ ውኃ አያስገባም።»

«ምን ያሳያል?»

ሮዚልዳ ውሸት አይሆንላትም። «የጎማ መጋዘን» አለች።

በመጨረሻ ተስማሙ። መስኮቶቹ የጥቅምት ዝናብ ሳይጀምር ከተሠሩ ጄኔሮዛ ቤቷ ትኖራለች፤ ካልተሠሩ ሮዚልዳ የጭነት መኪና ይዛ ትመጣለች። ጄኔሮዛ የተስማማችው ጥቅምት ሩቅ ስለመሰላት ነው። ልጇ ስትሄድ ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፈነችው፤ ላስቲኩን ከበላይ ገልጣ መሸጧንም ቀጠለች። ሚያዝያ ላይ ግን ላስቲኩ በነፋስ ሲያጨበጭብ ስድስት ወር ብዙ እንዳልሆነ ገባትና ኦሌጋሪዮን አስጠራችው።

ሜስትሪ ኦሌጋሪዮ አናጢ ነው። ሜስትሪ የሚሉት የእጁን ሙያ ለማክበር ነው፤ ጄኔሮዛ ግን አንድ ክፍል አብራው ስለተማረች በስሙ ትጠራዋለች። የኢትዮጵያዊቷ ቅድስት የሳንታ ኤፊጄንያ ቤተክርስቲያን የጎን በር የእሱ ሥራ ነው፤ አሮጌው ሲበሰብስ አንድም ሰው ልዩነቱን እንዳያይ አድርጎ ሠራው፤ አንድም ሰው አላየም። አስጎብኚዎች እንግዶችን በሩ ፊት አቁመው «የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን እጅ ይህን ይመስላል» ሲሉ፣ ኦሌጋሪዮ እዚያ ካለ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

«በዚህ ከተማ ለመመስገን ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ መሞት ነው» ይላል። «እኔ ዘገየሁ።»

ጄኔሮዛ አንድ መስኮት ብቻ ጠየቀችው። አንዱ ከተሠራ ዝናቡ የሚበላው ግድግዳ ይተርፋል፤ ለቀሩት አራቱ ፈቃዱ እስኪመጣ ይጠበቃል።

«ያለ ፈቃድ ነው?» አለ ኦሌጋሪዮ።

«ያለ ፈቃድ።»

«ዜፋን አላየሻትም?»

«ዜፋማ አሉሚኒየም ገጠመች። አንተ አሉሚኒየም ነህ?»

«ስድቡ ለምን አስፈለገ» አለ ኦሌጋሪዮ፤ ሜትሩንም ከኪሱ አወጣ።

ሦስት ሳምንት ፈጀበት። እንጨቱን ከፈረሰ የቡና መጋዘን ወለል አገኘ። መስታወቱን ከአንዲት መነኩሲት አሮጌ ቁም ሳጥን ላይ ነቀለ፤ ሲያዩበት ውጪው እንደ ውኃ የሚወዛወዝ ዓይነት ነው። ሚስማርም ኮላም አላስገባበትም፤ መጋጠሚያውን በእንጨት ችንካር አሰረው። ቀለሙን አራት ጊዜ ቀብቶ ሦስቱን ፋቀ። ሲጨርስ ተገጠመና ሁለቱም ፊቱ ቆመው አዩት። የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ያገኘው ኦሌጋሪዮ ነው፤ ደፉ ጠፍጣፋ ነበር። የአሮጌ ቤት ደፍ ክርን ስለሚበላው ሁለት ቦታ ይጎደጉዳል።

«ቁሚ» አላት። «እንደ ሁልጊዜሽ ቁሚ።»

«እንደ ሁልጊዜዬ እንዴት ነው?»

«ዜፋን እያማሽ።»

ቆመች። በሁለቱ ክርኖቿ ዙሪያ በእርሳስ አሠመረ፤ ልኩን በወረቀትም ገልብጦ መሮውን አነሳ።

«ቀኝሽ ከግራሽ ይከብዳል» አለ እየፋቀ።

«የምሰማው በቀኝ ጆሮዬ ነዋ።»

ቀኙን ትንሽ ጠለቅ አደረገው።

የወደቀው አሮጌ መስኮት በሰኔ ለቅዱስ ዮሐንስ ደመራ ተሰጠ። ማንም ክፉ አላሰበም። በእኛ ከተማ የተሰበረ ወንበር፣ ምስጥ የበላው በር፣ የሟች አልጋ፣ ሁሉም ለቅዱስ ዮሐንስ ይቆያል፤ ከበዓሉ በፊት መጣል ብልግና፣ ከበዓሉ በኋላ ማስቀመጥ ደግሞ ንፍገት ነው። መስኮቱ ደረቅ ስለነበር ቶሎ ተያያዘ። ሰፈሩ በፍሙ ስኳር ድንች ጠብሶ በላ፤ ዜፋም በላች።

በመስከረም መጀመሪያ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ የማመልከቻው መልስ በእግሩ መጣ። አዴማር የሚባል ወጣት አርክቴክት ነው፤ ወደ ቢሮው የተዛወረው በቅርብ ነው። በእኛ ዘንድ ክራባት ያሰረ የመንግሥት ሰው ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ዶክተር አዴማር ተባለ። ጨዋ ሰው ነው። ሥራውን ይወዳል። ከዚህ የከፋ ነገር በባለ ሥልጣን ላይ አይገኝም።

ከአምስተኛው መስኮት ጀመረ። አየ፣ ጻፈ። አራተኛውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጻፈ። ሦስተኛውን በብዕሩ ሲነካው ብዕሩ ገባ። ጄኔሮዛ ከኋላው እየተከተለች ፈቃዱ ሲቃረብ ይሰማት ጀመር። የመጀመሪያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ብዕሩን ኪሱ ከተተ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ።

«ዶና ጄኔሮዛ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይህን መስኮት የነካው ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ አራት ወር ስትጠብቀው ነበር። ያዘጋጀችው መልስም ነበር። ጠፋባት።

«ማንም» አለች።

«ታውቆኛል» አለ አዴማር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ማንም አልነካውም።»

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንበርክኮ ነበር። ችንካሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። መስታወቱን በጎን በኩል አየው። በመጨረሻ ጣቱን በደፉ ጎድጓድ ውስጥ አሳርፎ ጠራት።

«ይዩ። ይህን መሣሪያ አልሠራውም። ይህ ክርን ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የዚህ ቤት ሴቶች እዚህ ቆመዋል። ቀኙ ይጠልቃል፤ አዩት? ወደ ቤተክርስቲያኑ አዘንብለው ዑደቱን ሲጠብቁ ነው።»

«ወሬ ሲጠብቁ» አለች ጄኔሮዛ ሳታስበው።

«ዑደቱን» አለ አዴማር፤ ጻፈውም።

ፎቶ አንስቶ ሲጨርስ ስለ ሌሎቹ አራቱ ጠየቀችው። አዴማር በደስታ መለሰ። ጥያቄዋ ራሱ መልስ አግኝቷል። በአንድ ዘመን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ከተሠሩት አምስት መስኮቶች አንዱ እንዲህ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ የሌሎቹ ጥፋት የእንጨቱ ሳይሆን የአያያዙ ነው። መቀየር አያስፈልግም። ሰም በየጊዜው ቢቀቡ ይበቃቸዋል። ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል።

በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

«ዶክተር፣ ይመለሱ» አለች ጄኔሮዛ። «ዋሽቻለሁ።»

ተመለሰ።

«ይሄን መስኮት ኦሌጋሪዮ ነው የሠራው። በግንቦት። ክርኑ የኔ ነው፤ ይዩት!» ክርኖቿን ጎድጓዶቹ ውስጥ አኖረች። ልክክ አሉ።

አዴማር ፈገግ አለ። «የድሮ ሰውም እንደ እርስዎ አጭር ነበር።»

«አጭር?»

«ይቅርታ፣ መካከለኛ። እሺ፣ አሮጌው መስኮት ታዲያ የት አለ?»

«አቃጠልነው። ለቅዱስ ዮሐንስ።»

«የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መስኮት ለደመራ?»

«ስኳር ድንች ጠበስንበት።»

አዴማር ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ግድግዳው ትንሽ ረገፈ። «ዶና ጄኔሮዛ፣ በዚህ ሰፈር ያጠፋ ሰው ሁሉ አላጠፋሁም ይለኛል፤ ለምጄዋለሁ። ሳያጠፋ አጠፋሁ የሚል ግን ዛሬ ገና አየሁ። አሉሚኒየም ለመግጠም ሰው ይህን ያህል ይዋሻል?» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ያሉት እውነት ቢሆን እኮ ዛሬውኑ አስነቅዬ ቀዳዳውን በጣውላ አስመታው ነበር፤ እንደ ፊት ለፊት ጎረቤትዎ። እግዚአብሔር ይመስገን እውነት አይደለም።»

በማግስቱ ሮዚልዳ በስልክ የጭነት መኪናውን ለጥቅምት ሁለተኛ ቅዳሜ መያዟን ነገረቻት። ባዶ ካርቶኖችም በአውቶቡስ ላከች። ጄኔሮዛ ካርቶኖቹን ሳሎኑ ውስጥ ደርድራ መስኮቷ ላይ ቆመች። በሳምንቱ ኦሌጋሪዮ ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው።

«የሠራው ሰው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል አለኝ» አለችው።

የኦሌጋሪዮ ፊት ቀላ። «የጎን በሩን ወሰደብኝ፣ ዝም አልኩ። የመሠዊያውን ደረጃ ወሰደብኝ፣ ዝም አልኩ። ይሄ ሙት አሁን መስኮቴንም ሊወስድ?»

«ታዲያ ንገረዋ! አንተ ብትነግረው ያምናል። አንዱን በጣውላ ይምታው፤ ግን የቀሩት መበስበሳቸውን ያምንና አራቱን ይፈቅዳል። አራት ይበቃኛል።»

«ዜፋ!» ብሎ ጮኸ ኦሌጋሪዮ ወደ ማዶ። «ይሄንን መስኮት ማን ነው የሠራው?»

ዜፋ በሯ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። «አንተ ነህ። ግን ምስክርነት አልሰጥም፤ ቢሮው የኔን ነገር ዳግመኛ እንዲያስታውስ አልፈልግም።»

ከመስኮቱ ተርፎ የነበረውን የመጋዘን ጣውላ በብብቱ ይዞ፣ የክርኑን ልክ ያሠመረበትን ወረቀት ኪሱ ከቶ፣ ኦሌጋሪዮ ወደ ቢሮው ወረደ። ፊቱን ተላጭቶ ነበር።

አዴማር አናጢነቱን በዝና ያውቀው ስለነበር ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው። ግድግዳው ላይ የመስኮቱ ፎቶዎች፣ እያንዳንዳቸው ክንድ የሚያህሉ፣ በተርታ ተለጥፈዋል። ኦሌጋሪዮ አፉን ከመክፈቱ አዴማር በክንዱ ይዞ ወደ ፎቶዎቹ ወሰደው።

«እንኳን መጡ። እርስዎ ይገባዎታል። ይህን መጋጠሚያ ይዩ! ሚስማር የለም፣ ኮላ የለም፣ ክፍተት የለም። ምላጭ አያስገባም፤ ሞክሬዋለሁ።»

«አያስገባም» አለ ኦሌጋሪዮ።

«እዚህ ጋ ደግሞ የእንጨቱ ጅማት ወደ ዝናቡ ዞሯል። አስቦበታል። ውኃው ወደ ውጪ እንዲፈስ። ይህን የሚያስብ እጅ ዛሬ የለም፤ ቅር አይበልዎት።»

«አይለኝም።»

«እርስዎ ጥሩ አናጢ ነዎት። ግን ይህ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

አዴማር አሰበበት። «ትዕግሥቱ» አለ።

ኦሌጋሪዮ አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆሞ ሰማ። በሕይወቱ ስለ ሥራው ይህን ያህል ቃል በአንድ ላይ ተነግሮ አያውቅም። ለመናገር ብዙ ጊዜ ቃል ጀመረ፤ በጀመረ ቁጥር አዴማር ሌላ ፎቶ አሳየው፤ ሌላውም ፎቶ መታየት የሚገባው ሆኖ አገኘው። በመጨረሻ ጣውላውን ከብብቱ አወጣና «ዶክተር፣ የመጣሁት ስለዚሁ መስኮት ነው» አለ።

«አውቃለሁ፤ አሳስቦዎት ነው። ለእኔም እንቅልፍ ነሥቶኛል» አለ አዴማር። «ማመልከቻዋን ውድቅ ላደርግ ነበር። ኋላ ግን ግድግዳውን አስታወስኩ፤ ስደገፈው ረግፏል። ግድግዳው ከወረደ መስኮቱ አብሮ ይወርዳል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ፤ ትናንት ተፈቀደ። ግድግዳው ይጠገናል፤ አራቱ መስኮቶችም የመጀመሪያውን እየተከተሉ፣ ከዝናቡ በፊት፣ በመንግሥት ወጪ ይሠራሉ። ሁሉም ለዚህ አንድ መስኮት ሲባል ነው። ኦሪጅናል ባይሆን ኖሮ ምንም ላደርግላት አልችልም ነበር፤ ቀዳዳውን አስመትቼ ዶሴውን እዘጋ ነበር።»

መንገድ ላይ የጋዝ ሻጩ መኪና ሙዚቃውን እያሰማ አለፈ።

«ምን ሊሉኝ ነበር የመጡት?» አለ አዴማር።

ኦሌጋሪዮ ፎቶዎቹን አየ።

«በእጅዎ የያዙትስ?»

«ማገዶ ነው» አለ ኦሌጋሪዮ።

«አራቱን የሚሞክር ሰው እፈልጋለሁ። ልክ እንደዚህኛው እንደማይሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ከእርስዎ የሚሻል የለም።»

«ልሞክር» አለ ኦሌጋሪዮ።

ዳገቱን ወጥቶ ለጄኔሮዛ ሲነግራት፣ ግድግዳው እንደሚጠገንና አራቱም እንደሚሠሩ አስቀድሞ ነገራት። እሷም ክርኗን አንሥታ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። ከዚያ ያልነገራት ነገር እንዳለ ገባት።

«ታዲያ ስለ አንደኛው አልነገርከውም?»

«ረሳሁት።»

«ኦሌጋሪዮ።»

«ዳቦውን ስጪኝ» አለ። «ሦስት አድርጊው።»

አራቱን መስኮቶች በረዳቶች እየታገዘ ቀን ከሌት ሲሠራ አዴማር በየሁለት ቀኑ ይመጣ ነበር። ደስተኛ ነበር፤ ይረዳም ነበር። መጋጠሚያዎቹ ንጹሕ እንደሆኑ አመነ። ነገር ግን ሁለተኛውን ከአንደኛው አጠገብ አቁሞ ሲያያቸው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ልዩነቱ ይታይዎታል?» አለው ኦሌጋሪዮን።

«ይንገሩኝ እስኪ።»

«ይኸኛው ለመምሰል ይጥራል። ያኛው ግድ የለውም።»

ኦሌጋሪዮ የመላጊያውን ምላጭ ማጥበቅ ጀመረ። ከማዶ ዜፋ ሳቋን ለመደበቅ ቤቷ ገባች፤ በጣውላ ከተመታው መስኮቷ ጀርባ ግን ሳቋ እስከ መንገድ ተሰማ። በአዲሶቹ ደፎች ላይ የክርን ቦታ ሊያወጣ መሮውን ሲያነሣ አዴማር እጁን ያዘው። ያ ማጭበርበር ይሆናል። ቅጂ ቅጂ መሆኑን ማሳወቅ አለበት።

የፈቃዱ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ሥራው ሁሉ ተፈቀደ። በሁለተኛው ገጽ ስለ መጀመሪያው መስኮት አምስት ነጥቦች ተዘርዝረዋል፤ ጄኔሮዛ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ ለኦሌጋሪዮ አነበበችለት። በደፉ ላይ ምግብ ነክ ነገር አይሸጥም። ቀለሙ አይነካም። መስኮቱ ለጥናት ሲጠየቅ ብቻ ይከፈታል። አራተኛው ነጥብ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በታሪካዊው የክርን ጎድጓድ ላይ ማንኛውም ሰው ክርኑን ማሳረፍ ክልክል ነው።»

«ማንኛውም ሰው ነው የሚለው?» አለ ኦሌጋሪዮ።

«ማንኛውም።»

«የክርኑ ባለቤትስ?»

«የክርኑ ባለቤት ከሞተች ሁለት መቶ ዓመቷ ነው» አለች ጄኔሮዛ።

የዳቦውን ትሪ ወደ ሁለተኛው መስኮት አዛወረች። ጠፍጣፋው ደፍ ክርን ስለሚያም ፎጣ አጥፋ አነጠፈችበት። ደንበኞቿ በልማድ አንድ ሳምንት ያህል የመጀመሪያው መስኮት ፊት እየቆሙ የተዘጋውን እንጨት ዳቦ ጠየቁ።

ሮዚልዳ በተባለው ቅዳሜ መኪናውን ይዛ መጣች። መጀመሪያ መስኮቶቹን ወደ ላይ ገፍታ ወደ ታች መለሰቻቸው። ከዚያ ግድግዳውን በጣቷ ተጫነችው። ጣቷ አልገባም። ታሪኩን ከዜፋ በር ላይ ሰማችው፤ ገብታም እናቷ ፊት ቆመች።

«በውሸት ረታሽኝ።»

«እውነቱንማ ተናግሬ ነበር» አለች ጄኔሮዛ። «የሚወስድልኝ ሰው አጣሁ።»

ሮዚልዳ ሹፌሩን ቡና አጠጥታ ሸኘችው። ዝናቡ ማክሰኞ ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን ሳያባራ ዘነበ። ግድግዳው ደረቅ ነበር። ሮዚልዳ ሲያባራ ባዶ ካርቶኖቿን አጣጥፋ በአውቶቡስ ተመለሰች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ለእናቷ ያዘጋጀችውን ክፍልም ከጥር ጀምሮ ለአንዲት የነርስነት ተማሪ አከራየችው።